በሩ ሳይሰበር ቁልፉ ሲለወጥ፦ ከሶፍትዌር ማሻሻያ በኋላ ፋይሎች ለምን ይከለከላሉ?

ከሙከጡሪ ወደ ዓለም ከተማ የሚወስደው መንገድ ወደ ጀማ ወንዝ ሸለቆ ከማቆልቆሉ በፊት ለሚ ከተማን ያገኛል። ለሚ በሰሜን ሸዋ የእንሳሮ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በማንኛውም የወረዳ ከተማ እንደሚታየው ሁሉ በለሚም የገንዘብ፣ የመሬት አስተዳደር፣ የትምህርትና የጤና ሥራ ሁሉ ከመዝገብ ጋር የተቆራኘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ ተመርቋል፤ ትልቅ ፋብሪካ በተተከለበት አካባቢ ደግሞ የመሬት፣ የካሳ፣ የግብርና የቅጥር መዝገብ ክብደቱ እንደሚጨምር ለማንም ግልጽ ነው። መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ሲሸጋገር አንድ ጥያቄ አብሮት ይመጣል። የቁም ሣጥኑን ቁልፍ የያዘው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ የፋይሉን ቁልፍ የያዘው ግን ማን ነው?

ጥያቄውን ለመመርመር እንዲመቸን በእንዲህ ያለ ከተማ አሥር ኮምፒዩተሮች ያሉት አንድ መሥሪያ ቤት አለ እንበል። አሥሩም ኮምፒዩተሮች ፋይሎቻቸውን የሚያስቀምጡት በአንድ ሰርቨር ላይ ነው። የአይሲቲ ባለሙያው ቅዳሜና እሑድ ሠራተኛ በሌለበት ሰዓት የሰርቨሩን ሶፍትዌር ወደ አዲስ እትም ያሻሽላል። ሰኞ ጠዋት ሠራተኞች ሲገቡ የፎልደሮቹ ስሞች እንደ ወትሮው ተደርድረው ይታያሉ፤ ሊከፍቷቸው ሲሞክሩ ግን «ፈቃድ የለዎትም» የሚል መልስ ይመጣል። አንዱ ማንበብ ይችላል፣ ማስቀመጥ አይችልም። ሌላው ጨርሶ አይገባም። ሦስተኛው ደግሞ ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቀውን የሌላ ክፍል ፎልደር ሲከፍት ይገኛል።

ምሳሌው የተፈጠረ ቢሆንም ችግሩ ግን ሰርቨር ባለበት ሁሉ የሚያጋጥም ነው። ብዙ ጊዜ በዚህ ሰዓት አንድ ፋይል እንኳ አልጠፋም። የተለወጠው ሰርቨሩ «አንተ ማን ነህ?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለውጡ ከየት እንደሚመጣ፣ እንዴት እንደሚመረመርና በችኮላ የሚወሰደው መፍትሔ ለምን ከበሽታው እንደሚብስ ለማሳየት እንሞክራለን።

የሁለት ቋንቋዎች አስተርጓሚ

በአብዛኞቹ መሥሪያ ቤቶቻችን ጠረጴዛ ላይ ያሉት ኮምፒዩተሮች በዊንዶውስ የሚሠሩ ናቸው። ሰርቨሩ ግን ብዙ ጊዜ በሊኑክስ ይሠራል፤ ሊኑክስ የፈቃድ ክፍያ ስለማይጠየቅበት ለአነስተኛ በጀት ይመቻል። ሁለቱ ሥርዓቶች ፋይል የሚጋሩበት ቋንቋ ኤስኤምቢ ይባላል። በሊኑክስ በኩል ይህን ቋንቋ የሚናገረው ሶፍትዌር ሳምባ ነው።

የሳምባ አጀማመር ለሳይንስ ተማሪ ትምህርት ይሰጣል። አንድሩ ትሪጅል የተባለ አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ1991 መጨረሻና በ1992 መጀመሪያ ላይ በአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ሳለ በሁለት ኮምፒዩተሮች መካከል የሚመላለሱትን መልእክቶች እየተከታተለ፣ የየትኛው ጥያቄ መልስ የትኛው እንደሆነ እየመዘገበ የግንኙነቱን ደንብ ደረሰበት። የፊዚክስ ሊቃውንት የተፈጥሮን ሕግ የሚፈልጉት በዚሁ መንገድ ነው፤ መጽሐፉ ባይገኝም ምልከታው ይገኛል። ስሙም የተገኘው ኤስ፣ ኤምና ቢ የሚሉት ፊደላት በቅደም ተከተል የሚገኙበትን ቃል ከቃላት ዝርዝር በመፈለግ ነው።

አስተርጓሚ ግን ሁልጊዜ አንድ ችግር አለበት። ሁለቱ ቋንቋዎች ስለ ባለቤትነትና ስለ ፈቃድ የሚናገሩበት መንገድ አንድ አይደለም። ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ረዥም መለያ ይሰጣል፤ ሊኑክስ ደግሞ አጭር ተራ ቁጥር ይሰጣል። ሳምባ በሁለቱ መካከል የሚያዛምድ ሠንጠረዥ መያዝ ይኖርበታል። ከማሻሻያ በኋላ የሚፈጠሩ ብዙ ችግሮች የሚመነጩት ከዚህ የዝምድና ሠንጠረዥ ነው።

ስም የሚጻፈው ለእኛ ነው፤ ሰርቨሩ የሚያውቀው ቁጥር ነው

ሊኑክስ የእያንዳንዱን ፋይል ፈቃድ በሦስት ወገን ይከፍለዋል፦ ባለቤቱ፣ ቡድኑና ሌላው ሁሉ። ለእያንዳንዱ ወገን ሦስት መብቶች አሉ። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ ወይም በፎልደር ሲሆን አልፎ መግባት 1 ነጥብ አላቸው። የሦስቱ ድምር 7 ነው። አንድ ፎልደር 750 ከተባለ ባለቤቱ ሁሉንም ማድረግ ይችላል፤ የቡድኑ አባላት ያነባሉ፣ ያልፋሉ፤ ሌላው ሰው ምንም መብት የለውም።

ዋናው ቁም ነገር ግን እዚህ ላይ ነው፦ በፋይሉ ላይ የሚታተመው የባለቤቱ ስም አይደለም፤ ቁጥሩ ነው። ስሙ በሌላ ቦታ፣ በተጠቃሚዎች መዝገብ ውስጥ ከቁጥሩ አጠገብ ተጽፎ ይገኛል። ይህን በእድር መዝገብ መስለን እንየው። በአንድ እድር እያንዳንዱ አባል ተራ ቁጥር አለው እንበል፤ የመዋጮ ካርዱም፣ ደረሰኙም የሚጻፈው በዚሁ ቁጥር ነው። ጸሐፊው የአሮጌውን መዝገብ ስሞች ወደ አዲስ ደብተር ሲገለብጥ ተራውን ቢያዛባ፣ በ12ኛው ቁጥር የተመዘገበው የአንድ አባል መዋጮ በአንድ ሌሊት የሌላ አባል ይሆናል። ገንዘቡ አልጠፋም፤ ደረሰኙም አልተቀደደም። የተዛባው በስምና በቁጥር መካከል ያለው ዝምድና ነው።

በሰርቨርም እንዲሁ ነው። አሮጌው ሥርዓት ተነሥቶ አዲሱ ከባዶ ሲጫን ባለሙያው የተጠቃሚዎቹን ስም እንደገና ይመዘግባል፤ ሥርዓቱም ቁጥር በተራ ያድላል። የምዝገባው ቅደም ተከተል ከበፊቱ ከተለየ ቁጥሮቹም ይለያያሉ። አንዳንዴ መነሻ ቁጥሩ ራሱ ይለወጣል። ለምሳሌ ሬድ ሃት የተባለው የሊኑክስ ዓይነት እስከ 6ኛው እትም ድረስ ተራ ተጠቃሚዎችን ከ500 ጀምሮ ይቆጥር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው 7ኛው እትም ግን ቆጠራው ከ1000 እንዲጀምር ተደርጓል። ዲስኩ ላይ የተቀመጠው ፋይል «ባለቤቴ 503 ነው» ይላል፤ አዲሱ መዝገብ ግን 503 የሚባል ሰው አያውቅም።

ከዚህ የከፋው ደግሞ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ሲደርስ ነው። መከልከል ይጮኻል፤ የተከለከለው ሠራተኛ ወዲያውኑ ስልክ ያነሣል። ያለ አግባብ የተፈቀደለት ሰው ግን ላይናገር ይችላል። ስለዚህ የክልከላ አቤቱታ ሲመጣ «ማን ተከለከለ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ በቂ አይሆንም፤ «ማንስ ሳይገባው ገባ?» ብሎ መጠየቅም ያስፈልጋል።

በተከታታይ የተያያዙ አምስት ማብሪያዎች

በሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ ትምህርት እንደምናስታውሰው፣ በተከታታይ የተያያዙ ማብሪያና ማጥፊያዎች ባሉት የኤሌክትሪክ ዑደት አምፖሉ የሚበራው ሁሉም ሲዘጉ ብቻ ነው። አራቱ ተዘግተው አንዱ ክፍት ከሆነ ኤሌክትሪክ አያልፍም። የሰርቨር ፈቃድም እንዲሁ ተከታታይ ዑደት ነው። ተጠቃሚው ፋይሉ ጋ ለመድረስ ቢያንስ አምስት ነጥቦችን ማለፍ አለበት፤ ውጤቱን የሚወስነውም ከሁሉም ጠባቡ ነው።

የመጀመሪያው ነጥብ የቋንቋው እትም ነው። ኤስኤምቢ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአይቢኤም የተወለደ ሲሆን የመጀመሪያው እትም ዛሬ እንደ አደገኛ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዓለምን ያናወጠው ዋናክራይ የተባለው ጥቃት የተስፋፋው በዚህ እትም የዊንዶውስ አሠራር ውስጥ በነበረ ቀዳዳ ነው። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 የወጣው ሳምባ 4.11 ተቃራኒ ትእዛዝ ካልተሰጠው በቀር በመጀመሪያው እትም የሚናገርን ኮምፒዩተር አያስተናግድም። ስለዚህ በዊንዶውስ ኤክስፒ የሚሠራ አሮጌ ኮምፒዩተር ወይም ያነበበውን ሰነድ በቀጥታ ወደ ሰርቨር የሚልክ የቆየ ስካነር ከማሻሻያው በኋላ ድንገት ዲዳ ይሆናል።

ሁለተኛው ነጥብ ማንነትን ማረጋገጥ ነው። የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ የሚላክበት መንገድ ያረጀ ከሆነ አዲሱ ሰርቨር አይቀበለውም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሳምባ 4.5 ኤንቲኤልኤም የተባለውን የማረጋገጫ ዘዴ የመጀመሪያ እትም በመነሻ ቅንብሩ ዘግቶታል።

ሦስተኛው ነጥብ የጋራ ፎልደሩ ውሳኔ ነው። በሳምባ የቅንብር ፋይል ውስጥ እያንዳንዱ የጋራ ፎልደር ማን እንዲገባና እንዲጽፍ እንደተፈቀደ ይገለጻል። መጻፍ በግልጽ ካልተፈቀደ ሳምባ ፎልደሩን ለንባብ ብቻ አድርጎ ይወስደዋል። የቅንብሩ ፋይል በማሻሻያው ጊዜ በአዲስ ከተተካ ሁሉም ሰው ያነባል፣ ማንም አያስቀምጥም።

አራተኛው ነጥብ ከላይ የጠቀስነው የባለቤት፣ የቡድንና የሌላው ፈቃድ ነው። እዚህ ላይ የሚረሳ ነገር አለ። ፋይሉ ራሱ ቢፈቀድም ወደ እርሱ የሚያደርሱት ፎልደሮች ሁሉ አልፎ የመግባት መብት መስጠት አለባቸው። የጓዳው በር ተከፍቶ የአጥሩ በር ከተዘጋ እንግዳ አይገባም።

አምስተኛው ነጥብ ብዙ ባለሙያዎችን የሚያደክመው ነው። በሬድ ሃትና በቤተሰቦቹ ሊኑክስ ውስጥ ኤስኢሊኑክስ የሚባል ተጨማሪ ጠባቂ አለ፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የደኅንነት ኤጀንሲ አዳብሮት እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ ለሕዝብ ክፍት ያደረገው ነው። ይህ ጠባቂ ለእያንዳንዱ ፋይል ምልክት ይለጥፋል። ሳምባ ለእርሱ ምልክት የተደረገለትን ብቻ እንዲነካ ይፈቅድለታል። ፋይሎች ከተጠቃሚ የግል ፎልደር በማዛወር ወደ ጋራው ሲመጡ የቀድሞውን ምልክት ይዘው ስለሚመጡ፣ አራቱ ነጥቦች ሁሉ ፍጹም ትክክል ሆነው መልሱ ክልከላ ይሆናል።

ሦስቱ ሰባቶች

ሰኞ ጠዋት ሠራተኛው በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ፣ አለቃው ስልክ ሲደውል፣ ባለሙያው የሚፈተንበት አንድ ትእዛዝ አለ፦ ለሁሉም ፋይል 777 መስጠት። ባለቤቱም፣ ቡድኑም፣ ሌላውም ሰው ያነባል፣ ይጽፋል፣ ያልፋል። ከላይ እንዳየነው ይህ የሚነካው አራተኛውን ነጥብ ብቻ ነው። ችግሩ በሌላው ነጥብ ከሆነ ሥራው አይከፈትም፤ ጥበቃው ግን ይፈርሳል።

ችግሩ ቢከፈትስ? በአማራ ክልል የገጠር መሬት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በባልና በሚስት ስም በጋራ እንደሚሰጥ የታወቀ ነው። በዚያ ደብተር ላይ የሰፈረው ስፋትና አዋሳኝ የብዙ ቤተሰብ ኑሮ ነው። የመሬት መዝገብ የያዘ ፋይል በ777 ተከፍቶ ቢቀመጥ በሰርቨሩ ላይ ያለ ማንኛውም ሰው አንድ አኃዝ ሊለውጥ ይችላል። ማን እንደለወጠውም ለማወቅ ይከብዳል። ከዓመታት በኋላ ክርክር ሲነሣ «መዝገቡ እንዲህ ይላል» ከማለት በቀር ማስረጃ አይገኝም።

ሌላም ጉዳት አለ፤ ይኸውም ለፊዚክስ ሰው የሚታወቅ ነው። ሙቅና ቀዝቃዛ ውኃ ከተቀላቀለ በኋላ ከለብታው ተነሥቶ የትኛው ጠብታ ሙቅ እንደነበር ማወቅ አይቻልም። በብዙ ሺህ ፋይሎች ላይ የነበረው ልዩ ልዩ ፈቃድ አንድ ዓይነት 777 ከሆነ በኋላ የቀድሞው ሥርዓት ከራሳቸው ከፋይሎቹ ተነሥቶ ሊታደስ አይችልም። ችግሩን የሚያስረዳው ማስረጃም አብሮ ይደመሰሳል።

ጀሮም ሳልዘርና ማይክል ሽሮደር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ታዋቂ ጽሑፍ እያንዳንዱ ተጠቃሚ ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ መብት ሊኖረው እንደማይገባ በመርሕነት አስቀምጠዋል። ለእኛ አገር ሰው ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። በቀድሞው የቤተ መንግሥት ሥርዓት በጅሮንዱ ግምጃ ቤቱን፣ አጋፋሪው በሩን፣ ጸሐፌ ትእዛዙ ማኅተሙን ይይዙ ነበር። ሥራው የተከፋፈለው አንዱ የሌላውን እንዳይነካ፣ ጉድለት ሲገኝም ተጠያቂው እንዲታወቅ ነው።

የምርመራው ቅደም ተከተል

እንግዲህ ትክክለኛው መንገድ የትኛው ነው? በቤተ ሙከራ የምንከተለው ነው። በመጀመሪያ ምንም ሳይነኩ መመዝገብ። የትኛው ሠራተኛ፣ ከየትኛው ኮምፒዩተር፣ የትኛውን ፋይል ሲከፍት፣ ምን የሚል መልስ አገኘ? መልሱ ራሱ ይመራል። ሰርቨሩ ጨርሶ ካልታየ ወይም ግንኙነቱ ከተቋረጠ የመጀመሪያው ነጥብ ይጠረጠራል። የይለፍ ቃል ደጋግሞ ከጠየቀ ሁለተኛው። ሁሉም ሰው አንብቦ ማስቀመጥ ካቃተው ሦስተኛው። አንዱ ገብቶ ሌላው ከተከለከለ ግን አራተኛው ወይም የዝምድናው ሠንጠረዥ ነው።

ቀጥሎ ዑደቱን ለሁለት መክፈል። የተከለከለውን ሠራተኛ ማንነት በመያዝ ፋይሉን በራሱ በሰርቨሩ ላይ ሆኖ ለመክፈት መሞከር ነው። እዚያም ከተከለከለ ጥፋቱ በአራተኛው ነጥብ ነው፤ ኔትወርኩን መመርመር ጊዜ ማባከን ይሆናል። እዚያ ተከፍቶ በኔትወርክ ከተከለከለ ግን አራተኛው ነጥብ ከጥርጣሬ ወጥቶ ሌሎቹ ይቀራሉ። ኤስኢሊኑክስ ሳምባን ሲያግድ በሰርቨሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው ላያግደው ስለሚችል አምስተኛውም ነጥብ የሚጠረጠረው በዚህ ጊዜ ነው።

ሦስተኛው እርምጃ ፋይሎቹን ከነቁጥራቸው ማየት ነው። ፋይሎችን የሚዘረዝረው ትእዛዝ ስም እንዲያሳይ ብቻ ሳይሆን ቁጥር እንዲያሳይም ይታዘዛል። በስም ቦታ ራቁቱን ቁጥር ከታየ ባለቤቱ በአዲሱ መዝገብ ውስጥ የለም ማለት ነው። አራተኛው የሰርቨሩን የክንውን መዝገብ ማንበብ ነው። ሳምባም ሆነ ኤስኢሊኑክስ የከለከሉትን ይጽፋሉ፤ ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ግምት በሁለት መስመር ንባብ የሚያበቃበት ጊዜ ብዙ ነው። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ መሞከርና ውጤቱን መጻፍ። ሠራተኛው ወደ ቡድን ከተጨመረ ከኮምፒዩተሩ ወጥቶ እንደገና ይግባ፤ የቡድን አባልነት የሚነበበው ግንኙነቱ ሲጀመር ስለሆነ ትክክለኛው መፍትሔ ያልሠራ ሊመስል ይችላል።

የፈቃድ ጉዳይ የሚመስል የፊደል ጉዳይ

በእኛ አገር ለየት ብሎ የሚያጋጥም አንድ ነገር አለ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። በሊኑክስ በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ሆሄ ሦስት ባይት ቦታ ይይዛል፤ የላቲን ፊደል አንድ ብቻ ይይዛል። የተለመደው የሊኑክስ ዲስክ አንድ የፋይል ስም ከ255 ባይት እንዳይበልጥ ይወስናል። 255ን ለ3 ብናካፍል 85 እናገኛለን። ዊንዶውስ ግን የሚቆጥረው ባይቱን ሳይሆን ሆሄውን ስለሆነ 255 ሆሄ ያህል ይፈቅዳል።

በመሥሪያ ቤቶቻችን የደብዳቤውን ጉዳይ በሙሉ የፋይል ስም ማድረግ የተለመደ ነው። በዊንዶውስ ሰላም ሲሠራበት የነበረ የ90 ሆሄ ስም ወደ አዲሱ የሊኑክስ ሰርቨር ሲገለበጥ እንቢ ይላል። ሌሎቹ ፋይሎች አልፈው አንዱ ሲቀር ሠራተኛው «ተከለከልኩ» ብሎ ያመለክታል። እዚህ ፈቃድ ምንም ጥፋት የለበትም፤ ስሙን ማሳጠር ይበቃል።

ከማሻሻያው በፊት

ማሻሻያን ለዘለዓለም መሸሽ አይቻልም። በብዙ ሰርቨሮች ላይ የቆየው ሴንትኦኤስ 7 የጥገና ድጋፉ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 መጨረሻ አብቅቷል፤ ያልተሻሻለ ሰርቨር ቀዳዳው እየታወቀ ክፍት የሚቀር ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ አስቀድሞ መሠራት ይኖርበታል።

አንደኛ፣ የፋይሎቹን ሁሉ ፈቃድ በአንድ የጽሑፍ ፋይል መዝግቦ ማስቀመጥ። ሊኑክስ ለዚህ ጌትኤፍኤሲኤል የሚባል ትእዛዝ አለው፤ ሴትኤፍኤሲኤል የሚባለው አቻው ደግሞ ከዚያው መዝገብ ፈቃዱን መልሶ ይተክላል። ሁለተኛ፣ የሳምባን የቅንብር ፋይል፣ የተጠቃሚዎቹን መዝገብና የዝምድና ሠንጠረዡን ከሰርቨሩ ውጪ መገልበጥ። ሦስተኛ፣ ፋይሎች ወደ አዲስ ዲስክ ሲዛወሩ ተጨማሪ ፈቃዶቻቸውም አብረው እንዲሄዱ ማዘዝ። ለመገልበጥ የምንጠቀምበትን አርሲንክን የሠራው ራሱ ትሪጅል ከፖል ማከራስ ጋር ነው፤ ሆኖም በግልጽ ካልታዘዘ ከመደበኛው ሦስት ወገን ውጪ ያሉትን ፈቃዶች ይዞ አይሄድም። አራተኛ፣ ፈቃድን ለሰው ሳይሆን ለቡድን መስጠት፤ ሠራተኛ ሲዛወር የሚለወጠው የቡድኑ ዝርዝር ብቻ ይሆናል። አምስተኛ፣ ሥራው በመሐል መብራት ቢጠፋ ሰርቨሩን የሚያቆይ ባትሪ መኖሩን ማረጋገጥ።

ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም ግን አንድ ወረቀት አለ። የመሬት መዝገቡን ማን ያነባል? ማን ይጽፋል? የደመወዝ ፋይሉንስ? ይህን የሚወስነው ሰርቨሩ አይደለም፤ የአይሲቲ ባለሙያውም ብቻውን ሊወስነው አይገባም። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ የእያንዳንዱን ክፍል መብት በአንድ ገጽ ጽፎ፣ ፈርሞበት፣ ማኅተም አሳርፎበት ለባለሙያው ሊያስረክበው ይገባል። ያ ገጽ በእጁ ያለ ባለሙያ ሰኞ ጠዋት የሚፈልገው የጎደለውን ቁጥር ብቻ ነው። ያ ገጽ የሌለው ግን በስልክ የጮኸበትን ሁሉ እየሰማ ሦስቱን ሰባቶች ለመጻፍ ይገደዳል።